ዘጠኝ ወሯን ጨርሳለች፣ መዳህ ግን አልጀመረችም

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ገፅዎን ከእርግዝናዬ ጀምሮ አነባለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት፣ 9 ወር ከ10 ቀኗ ነው። ቁጭ ማለት የጀመረችው በ8 ወሯ ነው፤ አሁን ያለ ድጋፍ ትቀመጣለች። መዳህ ግን ጭራሽ የለም። የጎረቤቴ ልጅ በ8 ወሩ ሶፋ ይዞ ይቆማል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ሆዴን ባር ባር ይለዋል። አማቴ «ዎከር ግዢላት፣ እግሯን ያጠነክራል» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «እኔም ዘግይቼ ነው የሄድኩት» ብሎ ይተወዋል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራ ከተመለስኩ ጀምሮ ቀን ቀን ከሠራተኛዬ ጋር ናት። ሠራተኛዬ ብርድ እንዳይመታት በጣም ትጠነቀቃለች፣ ብዙውን ጊዜ አዝላት ነው የምትውለው። ጠዋት በሳሎኑ መስኮት ፀሐይ ስለሚገባ እዚያ ታሞቃታለች። ልጄ ሳቂታ ናት፣ «ባባባ» ትላለች፣ ስሟን ስጠራት ትዞራለች። ጥርስ ገና አላወጣችም። ስትጠባና ስትተኛ ጭንቅላቷን በጣም ያልባታል፣ ትራሷ ይርሳል። ሙቀት በዝቶባት ይሆን? ዎከሩንስ ልግዛላት?
እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ዎከሩን አትግዢ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሽው ነገር ላይ ልቁም። አለመዳኋ ብቻውን ቢሆን ኖሮ «ጠብቂ» ብዬ በአጭሩ እመልስልሽ ነበር። ያሳሰበኝ ላቡ፣ የጥርሷ መዘግየትና የሳሎኑ መስኮት አንድ ላይ መምጣታቸው ነው።

እኔ የምሠራው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል ነው። እናት እንዲህ ስትለኝ መጀመሪያ የማደርገው የልጇን እጅ መያዝ ነው። አንቺም ዛሬ ማታ ስታጥቢያት ሞክሪው። የእጇን አንጓ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ያዢው። መዳፍ ከክንድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ወፈር፣ ደንደን ብሎ ጉብታ ያለው ይመስላል? ከዚያ ልብሷን አውልቀሽ የደረቷን ግራና ቀኝ በጣትሽ ዳብሺ። የጎድን አጥንቶቿ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ ጉብታዎች አሉ? እርግብግቢቷንም ንኪው፤ በእድሜዋ ገና ክፍት መሆኑ ያለ ነው፣ በጣም ሰፊ ከሆነ ግን ልብ በዪው። ከነዚህ አንዱን አገኘሽም አላገኘሽም፣ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። እጅ ብዙ ነገር ይናገራል፣ የሚያረጋግጠው ግን የአንጓ ራጅና የደም ምርመራ ነው። ለነገሩ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷም ደርሷል። ካልተከተበች በአንድ መንገድ ሁለቱንም ትጨርሻለሽ።

የጠረጠርኩት ሪኬትስን ነው። በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አንጀት ከምግብ ካልሲየም በደንብ አይወስድም፣ አጥንት አይጠነክርም፣ ጡንቻም ይዝላል። ልጁ ለመቀመጥ፣ ለመዳህ፣ ለመቆም ይዘገያል። ጥርስም ይዘገያል። ጭንቅላትን ማላብ በራሱ በሽታ አይደለም፣ የሚያልባቸው ጤነኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ነው ማየት የሚያስፈልገው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከምንም በላይ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ግን በውስጡ ትንሽ ነው ያለው። ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ቆዳ ላይ ከሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሳሎኑ መስታወት ሙቀቱንም ብርሃኑንም ያስገባል፣ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ሠራተኛሽ በየቀኑ ከልቧ ፀሐይ ስታሞቃት ቆይታለች፤ ለልጅሽ አጥንት ግን የደረሰ ነገር የለም። ሹራብና ኮፍያም እንዲሁ ነው።

ብርድ መትቷት ሳንባ ምች እንዳይይዛት ብላችሁ ነው ቤት የምታውሏት፣ ይገባኛል። ግን ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር ተነጻጸሩ። ከታመሙት ውስጥ ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ነበሩ፣ ካልታመሙት ውስጥ ደግሞ 20። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት በደንብ ተከፍቶ አይተነፍስም፣ አክታም በሳል አይወጣም። ከብርዱ ልትጠብቋት ስትሉ ከፀሐዩ ጠብቃችኋታል ማለት ነው። ይሄን ለወቀሳ አልጻፍኩትም። በየፎቁ ስንት ልጅ እንዲህ እንደሚያድግ ስለማይ ነው፤ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ውጭ ትውጣ። በረንዳችሁ ፀሐይ ካገኘ በረንዳው ይበቃል፣ መስታወት ግን አይኑርበት። ካልሆነ ግቢው ውስጥ ነፋስ የማይገባበት ጥግ ፈልጉ። ከዳይፐሯ በቀር ልብሷን አውልቁላት። ፊቷን ከፀሐዩ አዙሩላት፣ ዓይኗ ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ። በ10 ደቂቃ ጀምራችሁ እስከ 30 ደቂቃ አድርሱት። በየቀኑ። ክረምት ሲገባና ሰማዩ ሲዳምን የቫይታሚን ዲ ጠብታ አለ፣ በቀን 400 ዩኒት። ሪኬትስ ከተገኘባት ግን መጠኑ ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ እሱን የሚያዘው ሐኪም ነው። ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ።

አሁን ወደ መዳሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አውጥቷል። በእጅና በጉልበት መዳህ የተጀመረው ከ5 ወር ገደማ እስከ 13 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ብቻቸውን የሄዱት ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል። ከመቶ 4 ያህሉ ጭራሽ ሳይድሁ ነው የሄዱት። ሁሉም ጤነኞች ናቸው። ስለዚህ የጎረቤትሽን ልጅ ተዪው። እሱም ልክ ነው፣ የአንቺዋም ከክልሉ አልወጣችም። መቀመጧም በጊዜው ነው።

ግን ጀርባ ላይ የዋለ ልጅ የት ይዳህ? አንቀልባን አልቃወምም። ልጅ ይረጋጋበታል፣ ሥራም ይሠራበታል። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ነው የማይሆነው። ምንጣፍ አንጥፉና በሆዷ አስተኟት። ለመዳህ መጀመሪያ በእጇ መሬቱን ገፍታ ደረቷን ማንሳት አለባት። ከፊቷ፣ እጇ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ የድስት ክዳን አስቀምጡላት። ውድ አሻንጉሊት አያስፈልግም፣ የሚያብለጨልጭና የሚንኳኳ ነገር ይበልጥባቸዋል። ትነጫነጫለች። ቶሎ አንስታችሁ አታቀብሏት። ትንሽ ትታገል፣ ትንከባለል፣ በሆዷ ትሳብ። ሲበቃት አንሷት። በቀን ደጋግማችሁ፣ በትንሽ በትንሹ።

ዎከሩ ይሄን ሁሉ ነው የሚቀማት። እዚያ ውስጥ ልጁ ተንጠልጥሎ በጣቶቹ ጫፍ ይገፋል እንጂ ሚዛኑን አይጠብቅም፣ በወገቡና በሆዱ ጡንቻ አይሠራም። መሄድን አያፋጥንም። ከዚያ በላይ ደግሞ አደጋው አለ። በሩ ክፍት በተገኘበት ቅጽበት ደረጃው ጫፍ ላይ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጡን ጭራሽ ከልክላለች። አንቺ ያለሽው 4ኛ ፎቅ ነው! ለአማትሽ «ሲስተር ከልክላለች» በያቸው፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጣይው።

አንድ ነገር አደራ። ሠራተኛሽን እንዳትቆጫት። ልጅሽን ቀን ቀን የምታሳድገው እሷ ናት፣ የፈራችውም ልጅሽ እንዳትታመም ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ። አንጓውን ነርሷ ስታሳያትና ስለ መስታወቱ ስትነግራት ከአንቺ አፍ ከምትሰማው ይልቅ ይገባታል።

ልጅሽ መሳቋ፣ «ባባባ» ማለቷ፣ ስሟን ሰምታ መዞሯ ደስ ብሎኛል፤ አእምሮዋ በደንብ እየሠራ ነው። አንድ እጇን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ፣ ሰውነቷ ከመጠን በላይ ከገተረ ወይም ልፍስፍስ ካለ፣ ትችለው የነበረውን ነገር ከተወች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ አሳያት።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ወንድ ልጄ 7 ወሩ ነው። 3 ቀን ሆነው፣ ያስቀምጠዋል። እናቴ ድዱን አይታ «ግግ ነው፣ ካልወጣለት አይድንም» ትላለች። የሚያወጣ ሰውም አግኝታለች። እምቢ ብላት ትቀየመኛለች። ምን ላድርግ?
አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳታስነካው። እናትህ ድዱ ላይ ያዩት ነጭ እብጠት ሊወጣ የተዘጋጀ የልጅህ ጥርስ ነው። ተቅማጡን ያመጣው እሱ አይደለም። በዚህ እድሜ ልጅ ምግብ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፣ ጀርም ይገባል። ጥርሱም በዚያው ሰሞን ይመጣል፣ ጥፋቱ እሱ ላይ ይለጠፋል። ግግ ተብሎ በስለት ሲወጣ ግን ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ቲታነስና ኤች አይ ቪ ሊገባ ይችላል፣ በኋላ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል።

የሚያድነው ኦአርኤስና ዚንክ ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰደውና ሁለቱንም ተቀበል። ኦአርኤሱን በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡት። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ስጡት፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፉት። ዚንኩ ለእሱ እድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፣ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይቀጥላል። ጡቱን እንዳይተው፣ ምግቡንም አትከልክሉት። እናትህን አብረህ ውሰዳቸው፣ ኦአርኤሱን የማጠጣቱን ሥራም ለእሳቸው ስጣቸው። በማንኪያ፣ በትዕግሥት የማጠጣትን ነገር አያቶች ያውቁበታል፤ ቅያሜውም በዚሁ ይቀልላል።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠህ ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ሌሊትም ቢሆን አትደር፣ ይዘኸው ሂድ።