የሚስተካከሉ የአከርካሪ ኢምፕላንቶች፦ ጥያቄና መልስ

እነዚህ አከርካሪ ላይ ተገጥመው ከፍታቸው ወይም ርዝመታቸው የሚለወጥ ኬጆችና ዘንጎች ናቸው። ስለ ንድፉ፣ ስለ ማቴሪያሉና ስለ ሙከራው የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የአንድን ሰው ራጅ አይቶ መወሰን ግን የሚያክመው ሐኪም ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክት በሁለት የወገብ አከርካሪዎች መካከል ገብቶ የሚከፈት ኬጅ (አከርካሪዎቹን አራርቆ የሚይዝ፣ ውስጡ የአጥንት ፍርፋሪ የሚታጨቅበት ሳጥን) እየነደፍን ነው። ሲዘጋና ሲከፈት ከፍታው ስንት ይሁን?

መልስ፦ ከኋላ በኩል የሚገባ ከሆነ ሲዘጋ 8፣ ሲከፈት ከ12 እስከ 14 ሚሊሜትር ብላችሁ ጀምሩ። ተዘግቶ እንዲያንስ የሚፈለገው መግቢያው ከነርቭ ሥሩ ጋር ስለሚተሻሽ ነው፤ ትልቁን ኬጅ በመዶሻ እየመቱ ሲያስገቡት ነርቩም የአጥንቱ ገጽም ይጎዳል። አንግሉንም ከከፍታው እኩል አስቡበት። የወገብ ቅስት ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው ከአራተኛው የወገብ አከርካሪ እስከ ሳክረም (ከወገብ በታች እስካለው የዳሌ አጥንት) ባለው ክፍል ነው። 25 ሚሊሜትር በሚረዝም ኬጅ ላይ የፊቱ ጫፍ ከኋላው በ4 ሚሊሜትር ቢበልጥ 9 ዲግሪ ገደማ ይገኛል። ፊትና ኋላው እኩል የሚነሳ ኬጅ ለነርቩ ቦታ ያስገኛል፤ ቅስቱን ግን አይመልስም።

ጥያቄ፦ ለመክፈቻው ብሎንና ሽብልቅ፣ ሬቸት ወይስ ሃይድሮሊክ?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ሥራ ብሎንና ሽብልቅ። ሬቸት (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ባለ ጥርስ መቆለፊያ) ቀላል ይመስላል፤ ግን ከጥርስ ወደ ጥርስ ስለሚዘል በመካከል ያለውን ከፍታ አታገኙትም፣ ጭነቱም ጥቂት ጥርሶች ላይ ብቻ ያርፋል። ኬጁን መልሶ ማውጣት ሲያስፈልግ ደግሞ ማላቀቂያ ካላበጃችሁለት አይዘጋም። ሃይድሮሊክ ለስላሳ ነው፣ የግፊት መለኪያውን አይቶ ኃይሉን ማወቅም ይቻላል። ፈሳሹ ለዓመታት ጭነት ይሸከማል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም፤ ከተከፈተ በኋላ በብረት መቆለፍ አለበት።

ብሎኑን እንዲህ አስሉት። አማካይ ዲያሜትሩ 4፣ የጥርሱ ርቀት 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ የጥርሱ ዝንባሌ 2.3 ዲግሪ ነው። የሰበቃ መጠኑን 0.15 ብትይዙ የሰበቃው አንግል 8.5 ዲግሪ ይሆናል። ዝንባሌው ስለሚያንስ ብሎኑ በጭነት ብቻ ወደ ኋላ አይዞርም። በብሎኑ አቅጣጫ 500 ኒውተን ለመግፋት 0.19 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ የሽብልቁ ሰበቃ ተጨማሪ ነው። ይህ ሁሉ ግን የቆመ ጭነት ስሌት ነው። ሰውነት ውስጥ ጭነቱ ይመላለሳል፣ ደምና ስብ ጥርሱን ያለሰልሱታል፤ ብሎኑ በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ጥቂት እያለ ሊላላ ይችላል። ሁለተኛ መቆለፊያ፣ ቢያንስ የብሎኑን ጭንቅላት የሚይዝ ስፕሪንግ አይቅር።

ጥያቄ፦ ኬጃችን አይሰበርም፤ በአጥንት ፋንታ የምንሞክርበት ፎም ውስጥ ግን ይሰምጣል። ማቴሪያሉን እናጠንክረው?

መልስ፦ አታጠንክሩት። የሚሸነፈው አጥንቱ ነው፣ ፎሙም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። 500 ኒውተን በ200 ካሬ ሚሊሜትር ላይ እኩል ቢያርፍ 2.5 ሜጋፓስካል ነው። ነገር ግን የኬጁ ፊት ቀድሞ ሲነሳ የላይኛው ሳህን አጥንቱን የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው። ያው ኃይል 20 ካሬ ሚሊሜትር ላይ ሲያርፍ 25 ሜጋፓስካል ሆነ ማለት ነው፤ ያንን ደካማ አጥንት አይችለውም። ጠርዙን አድቦልቡሉት፣ የሳህኑን ገጽ በአጥንቱ ጉድጓድ ልክ በትንሹ ጎበጥ አድርጉት።

ቀጥሎ ስፋቱ። የአከርካሪው ገጽ በዳር በዳሩ፣ በተለይ በኋላና በጎን በኩል ጠንካራ፣ መሐሉ ላይ ደካማ ነው። ጠባብ ኬጅ መሐል ላይ ከተቀመጠ መስመጡ አይገርምም። የታችኛው አከርካሪ የላይ ገጽ ከላይኛው አከርካሪ የታች ገጽ ስለሚደክም ብዙ ጊዜ የሚሰምጠው ወደ ታች ነው።

ብሎን ኃይልን ስለሚያበዛ እጀታውን የሚያዞረው ሰው እጁ ላይ ብዙም አይሰማውም። አጥንቱ ሲሰበር እጀታው በድንገት ይቀላል፣ ኬጁም መከፈቱን ይቀጥላል፤ በራጅ ሲታይ ግን በአከርካሪዎቹ መካከል ያለው ርቀት አልጨመረም። ስለዚህ በተወሰነ ቶርክ (የማዞሪያ ኃይል) የሚያንሸራትት እጀታ የንድፉ አካል ነው፣ በኋላ የሚታሰብ መለዋወጫ አይደለም። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ኬጁ ሲከፈት ውስጡ ይሰፋል፣ አስቀድሞ የታጨቀው የአጥንት ፍርፋሪም ከአከርካሪው ገጽ ይርቃል። ከተከፈተ በኋላ የሚሞላበት ቀዳዳ ካልተውችሁለት አጥንቱ ላይያያዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፒክ ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ቲታኒየም?

መልስ፦ የፒክ ግትርነት 4 ጊጋፓስካል አካባቢ፣ የቲታኒየም ቅይጥ 110፣ ጠንካራው የአጥንት ክፍል ደግሞ ከ12 እስከ 20 ነው። ፒክ ለአጥንት ይቀርባል፣ በራጅም ስለማይታይ አጥንቱ መያያዙን ለማየት ያመቻል፤ ቦታውን በራጅ የሚያሳይ የታንታለም ብረት ምልክት ግን ያስፈልገዋል። አጥንት በቀላሉ አይጣበቅበትም፣ ቀጭን የብሎን ጥርስም በላዩ አይጸናም። እኔ ብሆን መክፈቻውን ከቲታኒየም እሠራዋለሁ። ቲታኒየም በቲታኒየም ላይ ሲንሸራተት ግን ይነካከሳል፣ ብሎኑም መሐል መንገድ ላይ ይጣበቃል። አንደኛውን ክፍል ከኮባልት ክሮም ሥሩት ወይም ገጹን አኖዳይዝ አስደርጉት (በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን ማልበስ ነው)።

ጥያቄ፦ የጎን ጥምዝን ለማቅናት አከርካሪውን መለጠጥ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ ጥምዙ ትልቅ ሲሆን መለጠጥ ይሠራል፣ ሲያንስ በጎን መግፋት ይበልጣል፤ ሁለቱ የሚተካከሉት 53 ዲግሪ አካባቢ ነው። አከርካሪው እየቀና ሲሄድ የመለጠጡ ኃይል ክንድ ስለሚያጥር ጉልበት ብትጨምሩም ትርፉ ይቀንሳል። የሃሪንግተን ዘንግ፣ አከርካሪው ላይ የሚታሰር የቀድሞ የብረት ዘንግ፣ መንጠቆና ጥርስ ያለው መለጠጫ ነበር፤ እስከ ታችኛው ወገብ ሲወርድ ቅስቱን ደፍጥጦ ታካሚውን ወደ ፊት እንዲያዘነብል ያደርገው ነበር። ፈረንሳውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ኮትሬልና ዱቡሴ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ያመጡት ስልት አከርካሪዎቹን በብዙ ነጥብ ይዞ ዘንጉን ማዞር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፤ በማግኔት የሚረዝም ዘንግ ሊገጠምለት ነው። እንዴት ነው የሚረዝመው?

መልስ፦ በዘንጉ መካከል ባለው ቱቦ ውስጥ የሚዞር ትንሽ ማግኔትና ከእሱ ጋር የተያያዘ ብሎን አለ። ከቆዳው ውጭ የሚያዝ መሣሪያ ትልልቅ ማግኔቶችን ሲያዞር የውስጡ ይከተላል፣ ብሎኑም ዘንጉን ይገፋል። ማደንዘዣም ቀዶ ጥገናም አያስፈልገውም፤ በድሮው ዘንግ ግን በየ6 ወሩ ገደማ ቆዳው ይከፈት ነበር። በልጅዎ ዕድሜ የደረትና የወገብ አከርካሪ በድምሩ በዓመት 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ በየ3 ወሩ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። መሣሪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር የታዘዘው ነው፤ የተገኘውን የሚያሳየው ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ነው። አልትራሳውንዱ ጨረር ስለሌለው ይመረጣል። ኤምአርአይ ከታዘዘለት ዘንጉ እንዳለ አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ዘንጎች የሚበላሹት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቱቦው ውስጥ የሚንሸራተተው ዘንግ በቀጥታ መስመር ብቻ እንዲሄድ ነው የተሠራው፤ ጀርባ ግን ይጎብጣል። የጎን ኃይሉ ዘንጉን በቱቦው አፍ ላይ ይፈገፍገዋል፣ የጎማ ማሸጊያው ይበላል፣ የቲታኒየም ብናኝ ወጥቶ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያጠቁረዋል። ውስጥ ያለችው ቀጭን ፒን ስትሰበር ደግሞ ማግኔቱ ይዞራል፣ ዘንጉ ግን አይረዝምም። በ2020 በብሪታንያ የዚህ ዘንግ ሽያጭ እስከመታገድ ደርሶ ነበር። ሌላው ምክንያት ከዘንጉ ውጭ ነው፤ አከርካሪው በጊዜ ብዛት ግትር እየሆነ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ማርዘሚያዎች የሰጡትን ያህል የኋለኞቹ አይሰጡም። ቆዳና ስብ ሲወፍሩም የማግኔቱ ኃይል በርቀቱ ይዳከማል።

ጥያቄ፦ ዘንጉን ከ5.5 ወደ 6 ሚሊሜትር ማወፈር ለውጥ አለው?

መልስ፦ ግትርነቱ በዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ 42 በመቶ ይጨምራል። መሰበሩ ይቀንሳል፣ ብሎኖቹ ከአጥንት የመነቀል አደጋ ግን ይጨምራል። ማግኔት የያዘው ቱቦ አይታጠፍም፤ ከ70 እስከ 90 ሚሊሜትር ቀጥ ያለ ክፍል በጎበጠ ጀርባ ላይ የት እንደሚያርፍ አስቀድማችሁ ሳሉ። ቲታኒየም ዘንግን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ማጠፍና ማቃናት የመሰበሪያ ጭረት መፍጠር ነው።

ጥያቄ፦ ለኬጃችን የትኛውን ሙከራ እናድርግ?

መልስ፦ የኤኤስቲኤም (የሙከራ ደረጃዎችን የሚያወጣ ድርጅት) ደረጃዎችን ተከተሉ፤ ለኬጅ ኤፍ 2077፣ ለመስመጥ ኤፍ 2267፣ ለዘንግና ብሎን ስብስብ ኤፍ 1717። የድካም ሙከራው 5 ሚሊዮን ዙር ነው፤ በሰከንድ 5 ዙር ቢሄድ 12 ቀን ገደማ ይፈጃልና ማሽኑን ቀድማችሁ ያዙ። ኬጁን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ሽብልቁ ዳር ላይ ሲደርስ የሚይዘው ገጽ በጣም ያንሳል። ከሙከራው በኋላ ከፍታውን ዳግመኛ ለኩ፤ ሳይሰበር 1 ሚሊሜትር የወረደ ኬጅ መቆለፊያው አልሠራም ማለት ነው። ከመጣላችሁ በፊትም ፈትታችሁ የብሎኑን ጥርስ በአጉሊ መነጽር እዩት።