«ሰንፎ ነው ወይስ ታሟል?»

አንዲት አንባቢ ከደብረ ብርሃን እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍል ይማራል። ከመንዝ ገጠር አምጥቼው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት አብረን እንኖራለን። እኔ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ነበር ያለፈው። ከዚያ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘጋና አንድ ዓመት ሙሉ ከብት ሲጠብቅ ከረመ። ዘንድሮ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ56 ተማሪ 47ኛ ወጣ። ሒሳብ 38፣ ፊዚክስ 34። ማታ አይተኛም፤ ጠዋት ደግሞ ራሴን ያመኛል እያለ ይቀራል። ተቆጣሁት፣ ስልኩን ቀማሁት፣ ‹ላንተ ብዬ ነው ሳላገባ የቀረሁት› አልኩት። በቀደም ‹እትዬ፣ እኔ እኮ ለምንም አልሆንም› አለኝ። አባታችን ወደ ቤት መልሺው ይላል። እናታችን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ይሂድ ትላለች። ሰንፎ ነው ወይስ ታሟል?»

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ እኔን የያዘኝ «ለምንም አልሆንም» ያለው ነው። ሰነፍ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፈተናው ከበደ፣ መምህሩ አልወደደኝም ይላል። ወንድምሽ ግን ጥፋቱን ጠቅልሎ ራሱ ላይ ጭኖታል። እኔ ሰንፎ አይመስለኝም። ታሟልም ብዬ ካሁኑ አልፈርድም። አፍሯል። ያፈረ ልጅ ደግሞ የሚያሳፍረውን ቦታ ይሸሻል፤ ለእሱ ያ ቦታ ክፍል ነው።

እኔ ጋ ለሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ የምለው «ደብተርህን አሳየኝ» ነው። መስከረም ላይ የተጻፈው ጥርት ያለ ይሆናል፤ ርዕሱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ኅዳር ላይ ግማሽ ገጽ ነው። ጥር ላይ ቀኑና ርዕሱ ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ ነው። ልጁ እኮ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበር። እስክሪብቶውንም አንስቷል። መከተል ሲያቅተው ነው የተወው። የወንድምሽን ደብተርም እንዲህ ገልጠሽ እይው፤ ሳትቆጪ።

ደግሞ አስቢው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ወደዚያ ሊሻገር ሲል ነው አንድ ዓመት የተቋረጠበት። ከዚያ በማያውቀው ከተማ፣ 56 ልጅ ባለበት ክፍል ተቀመጠ። በአገር ደረጃም ብታዪው፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ያ ሁሉ ልጅ ሰንፎ አይደለም። ከታች የጎደለ ነገር ሳይሞላ ወደ ላይ የወጣ ብዙ ልጅ አለ።

ስለዚህ አሁን ወደ ገጠር አትመልሺው። በዚህ ስሜት ላይ እያለ ከተመለሰ «እውነትም አልሆንም» የሚለው ይጸናበታል።

መጀመሪያ ስልኩን መልሺለት። ማታ ማታ ግን የሁለታችሁም ስልክ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የእሱ ብቻ ከሆነ ቅጣት ይመስለዋል። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በአንድ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት።

ከዚያ ይቅርታ ጠይቂው። ይከብዳል፤ ታላቅ ነሽ፣ የምትለፊውም አንቺ ነሽ። ነገር ግን «ላንተ ብዬ ሳላገባ ቀረሁ» የሚለውን ነገር የ17 ዓመት ልጅ አይሸከመውም። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አታናግሪው፤ እንደ ፍርድ ቤት ይሆንበታል። ቡና ስትቆዪ ወይም እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ፣ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ይሁን። «የዚያን ቀን ያልኩህ ልክ አልነበረም። ደንግጬ ነው። ትምህርቱ የቱ ጋ እንደጠፋብህ አብረን እንፈልግ» በይው። ዝም ካለ ዝም በይ። ምላሹ ከሦስት ቀን በኋላ ሊመጣ ይችላል። አባትሽንም በስልክ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «ምን በላህ? ብርዱ እንዴት ነው?» ይበሉት ብለሽ ለምኛቸው።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። 10ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ አፍጥጦ መዋል አይረዳውም። የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ፈልጊና አሥር ጥያቄ ይሥራ። ከአሥሩ ስምንቱን ካገኘ 9ኛን ይሞክር። ካላገኘ ወደ 7ኛ ይውረድ። የሚሳሳትበት ቦታ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ክፍልፋይ ወይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ፊዚክስ ከበደኝ የሚል ልጅም ብዙውን ጊዜ የከበደው ያው ሒሳቡ ነው። የተበጠሰበትን ቦታ ካገኘ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ሦስት ሰዓት አትበይው።

እንግሊዝኛውን ከራሱ የባዮሎጂ መጽሐፍ ይጀምር። አንድ አንቀጽ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይዝጋ፣ የገባውን በአማርኛ ለአንቺ ይንገርሽ። ከፈረቃ ደክመሽ ብትመጪም ይህን አሥር ደቂቃ ስጪው። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ከራሱ ማውጣቱ ነው ጭንቅላት ውስጥ የሚያስቀረው። ያልገባው ቃል አምስት ብቻ ይመዝገብ።

ትምህርት ቤት ሂጂ፤ ካርድ ለመቀበል ብቻ አይሁን። የክፍሉን ኃላፊ መምህር አግኝተሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። ቅዳሜ ወይም ከሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት አለ ወይ? ምክር የሚሰጥ ባለሙያስ አለ ወይ? ባይኖር እሱን የሚቀርበው አንድ መምህር ይበቃል። አንድ ዓመት እንደተቋረጠበት ንገሪያቸው፤ ላያውቁ ይችላሉ። ከጎበዞቹ አንዱ ጋር አብሮ እንዲያጠና ጠይቂ። ከተማችሁ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ የሚያሳየው ተማሪ ፈልጊ። ገንዘብ ባይኖር ምሳ ማብላትም ዋጋ ነው። ክፍሉን መድገም ግድ ከሆነም እኔ አልፈራውም። ቴክኒክና ሙያም ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን በቁጣ ቀን «ለአንተ እሱ ይበቃሃል» ብለሽ አታንሺበት።

ራስ ምታቱን አትናቂው። በዚህ ዕድሜ ጭንቀት በራስ ምታትና በሆድ ሕመም ይወጣል፤ ልጁ እየዋሸ አይደለም። ዓይኑንም አስመርምሪው። ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ስንት ጊዜ ሰነፍ ተብሏል!

ይህን ደግሞ በደንብ አንብቢው። ቀኑን ሙሉ ማዘን፣ ከሰው መሸሽ፣ ይወደው የነበረውን መተው፣ ምግብ መቀነስ ወይም በትንሽ በትልቁ መቆጣት ሁለት ሳምንት ካለፈው ባለሙያ ይየው። ከጤና ጣቢያ ጀምሪና ወደ ሆስፒታል እንዲልኩሽ ጠይቂ፤ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል እዚያው ከተማችሁ ነው። ጸበሉን እናትሽ ካመኑበት ይሂድ። ሕክምናው ግን በእሱ ምክንያት አይዘግይ፤ የታዘዘለት መድኃኒት ካለም አያቋርጥ።

«ለምንም አልሆንም» ስላለ በቀጥታ ጠይቂው፦ «አንዳንዴ ብሞት ይሻለኛል ትላለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን ይዞት ከነበረ ግን ይቀልለዋል። አዎ ካለሽ አትጩኺ፣ አትገሥጪው። ብቻውን አትተዪው። ቤት ውስጥ ፀረ ተባይም ሆነ ሌላ መድኃኒት ካለ አውጪ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ፈረቃሽ ይቅር።

አንቺም ደክመሻል፤ ከደብዳቤሽ ይታያል። ለወንድምሽ እናትም አባትም ሆነሻል፤ ለዚህ የሚያግዝሽ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጊ፤ ሌሊት በምትሠሪበት ሳምንት አብሮት ራት የሚበላ ሰው እንኳን ይኑር።

ከ7ኛውና ከ8ኛው መጽሐፍ የቱ ላይ ስምንት እንዳገኘና ዓይኑን ምን እንዳሉት ጻፊልኝ። የሚቀጥለውን ከዚያ ተነስተን እናያለን።