ገደል አፋፍ ላይ ጎልፍ ሜዳ ለምትሠሪው እህቴ፦ ዶዘሩን አታስቀድሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ድርጅትሽ ደጋ ላይ፣ ገደል አፋፍ የያዘ 70 ሄክታር ቦታ በሊዝ አግኝቷል። ባለ 18 ጉድጓድ ጎልፍ ሜዳ ታስቧል፤ «ጉድጓድ» ስል ኳሱ ከሚመታበት መነሻ እስከሚገባበት ቀዳዳ ያለውን የጨዋታ ቦታ ሁሉ ማለቴ ነው። አማካሪው «መጀመሪያ መሬቱን እንደልድል» ብሏል፤ አንቺ ደግሞ ከየት እንደምትጀምሪ ጨንቆሻል። ስለ ገንዘቡና ስለ ክለቡ ሕንፃ ሌሎች መክረውሻል። እኔ ስለ መሬቱ ልንገርሽ። ሙያዬ ቅየሳና የውሃ ማፋሰሻ ነው። አሜሪካ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ጎልፍ ሜዳ ሲሠራ ውዬ አድሬበታለሁ። አገር ቤትም ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቦታ ላይ ሠርቻለሁ። የተቃጠልኩት እዚያ ነው።

1. ድልደላውን አስቁሚ። ነገ ዛሬ አትበይ። እንዲህ ያለ መሬት የሚፈለገው ወጣ ገባ ስለሆነ ነው። ደልድለሽው የምትሠሪ ከሆነ ገደል አፋፍ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ? ኔብራስካ ውስጥ ሳንድ ሂልስ የሚባል ሜዳ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተ። ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾው ናቸው የነደፉት። የአሸዋ ኮረብታውን በእግራቸው ዞረው ተፈጥሮ ያዘጋጀቻቸውን ከ130 በላይ ጉድጓዶች አገኙ። ከዚያ ውስጥ እርስ በርስ የሚያያዙትን 18 መረጡ። ያንቀሳቀሱት አፈር ከቁብ የሚቆጠር አልነበረም።

ለአንቺ ቦታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኒው ዚላንድ ያለው ኬፕ ኪድናፐርስ ነው። ቶም ዶክ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ። መሬቱ እንደተዘረጋ እጅ ነው። ጣቶቹ ወደ ባሕሩ ገደል ይወጣሉ፤ በመሀላቸው ጥልቅ ሸለቆ አለ። ዶክ ሸለቆውን ልሙላ አላለም። ጉድጓዶቹን በሸንተረሮቹ ላይ አስኬዳቸው፤ ኳሱ ሸለቆ የሚሻገርበትን ቦታም መርጦ አስቀመጠ። የእኛ ደጋ አፋፍ ስንት እንዲህ ያለ ሸንተረር አለው! እሱን ቆርጦ ቦረቦር መሙላት ያናድደኛል።

2. ክረምቱን ሳታዪ የጉድጓዶቹን መስመር አታውጪ። እዚህ ላይ ታሪኩን መንገር አለብኝ፤ ምክሩ ብቻውን አይገባም።

እኛ የሠራንበት ቦታ ቦረቦሮች ነበሩት። በበጋ ደረቅ ናቸው፣ ፍየል ይሰማራባቸዋል። ነዳፊው ከውጭ የመጣው ጥር ላይ ነው። ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። ሥዕሉ ሲላክ ሁለት ቦረቦሮች በአፈር ተሞልተው፣ አናታቸው ላይ ሁለት ግሪን (ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለበት፣ ሳሩ አጥሮ የሚታጨድ ቦታ) ተቀምጦባቸዋል። እኔ በቅየሳው ጊዜ አንድ የአካባቢው አዛውንት ቦታውን በእግር አዙረው አሳይተውኝ ነበር። ቦረቦሩ ዳር አንድ የወይራ ዛፍ አለ። ግንዱ ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ የደረቀ ደለል መስመር ሠርቷል። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው «ሐምሌ ላይ እስከዚህ ይመጣል» አሉኝ። ከፍታውን ለክቼ ካርታው ላይ አስገባሁት፤ ሪፖርትም ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ምን አለኝ? «አንተ ቀያሽ ነህ፤ ዲዛይኑን ለዲዛይነሩ ተወው።» ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ዶዘሩ ግንቦት ላይ ገባ። ከዚያ ሌላ ጥፋት ተጨመረ፦ የላይኛው ለም አፈር ተገፎ ለብቻው ሳይከመር ከታችኛው ቀይ አፈር ጋር ተደባለቀ። ሳር የሚይዘው አፈር በአንድ ሳምንት ሥራ ጠፋ ማለት ነው።

ግሪን እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ባወጣው አሠራር ከታች ማፋሰሻ ቱቦ ይዘረጋል፤ በቱቦዎቹ መሀል ያለው ርቀት ከ5 ሜትር አይበልጥም። በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር የተመረጠ አሸዋ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አሸዋው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ነው። ሐምሌ ገባ፣ ውሃው የድሮ መንገዱን ፈልጎ መጣ። ሙሌቱን ሰነጠቀው፤ ደለሉን ግሪኖቹ ላይ አለበሰው። ዝናቡ ሲያባራ አንዱን ግሪን በአካፋ ቆርጬ አየሁት። ከላይ ሦስት ጣት የሚሞላ ቀይ ጭቃ። ከሥሩ አሸዋው ጭቃ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። ጠጠሩ መሀል ያለው ክፍተት ተደፍኗል። ላዩ ላይ ውሃ ተኝቶ፣ የቱቦው አፍ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። እንዲህ የሆነ ግሪን አይጠገንም። ተቆፍሮ ይወጣል፤ ታጥቦና ተነፍቶ ከሩቅ በገልባጭ መኪና የመጣው አሸዋ ይጣላል፤ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ሸንተረሩ ላይ ያሉት አራት ጉድጓዶች ግን አንድ ነገር አልሆኑም። የእነሱን መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነዳፊው ጊዜ ስላጠረው የተከልኩትን ችካል እንዳለ ተቀብሎት ነበር። ዶዘር አልነካቸውም፤ ውሃው በግራና በቀኝ ወረደ። ዛሬም ቦታውን ሊያይ የሚመጣ ሰው የሚወሰደው ወደ እነሱ ነው። ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል።

ስለዚህ ኮንቱር ካርታ (የመሬቱን ከፍታ በመስመር የሚያሳይ) በግማሽ ሜትር የከፍታ ልዩነት አስነሺ። በ5 ሜትር ልዩነት የተሠራ ካርታ ይዘው ቢመጡ አትቀበዪ፤ ለግሪን የሚያስፈልገው እጥፋት እዚያ ላይ አይታይም። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ቦታው ላይ ሰው ይኑርሽ፤ ውሃ ባለፈበት ሁሉ ችካል ይትከል። መረሬ አፈር ካለ ለብቻው አስምሪው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግሪን አይሸከምም።

3. የቢሮ ጉዳይ። አንድ ቢሮ ፋይላችንን ደጋግሞ መልሶታል። ባለሙያው «ፎርሙ ላይ ጎልፍ የሚባል የለም፤ እርሻ ነው፣ ሆቴል ነው ወይስ ስፖርት?» ይለኛል። ላስረዳው ካርታውን ስዘረጋ በክርኑ ገፋልኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በቃል የነገረንን አስተካክለን ስንመለስ «እንዲህ አላልኩም» አለ። አንቺ በቃል ተነግሮሽ አትመለሺ። የጎደለውን በደብዳቤ፣ በቁጥርና በማኅተም ይስጡሽ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ንም አንብቢው። ውሃ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚፈስ፣ ማዳበሪያው የታች ሰፈሩን ምንጭ እንዳይነካ ምን እንደተደረገ አስቀድመሽ ከጻፍሽ ግማሹን ጥያቄ ዘጋሽ።

ደግሞ የከብት መሄጃ ካለ አትዝጊው፤ መስመርሽን ከእሱ ጋር አስማሚ። የጎልፍ መነሻ በሚባለው የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ፣ ኦልድ ኮርስ ላይ፣ ሕዝብ የሚያልፍበት መንገድ አንደኛውንና አሥራ ስምንተኛውን ፌርዌይ (በመነሻውና በግሪኑ መሀል ያለውን ሳር ሜዳ) አቋርጦ ይሄዳል። እሁድ እሁድ ጨዋታ የለም፤ ቦታው የከተማው ሰው መናፈሻ ይሆናል። እዚያ የተቻለው እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። አጥር አጥረው ጎረቤትን ያስቀየሙ ሰዎች ዘበኛ ቢያበዙ ሰላም አያገኙም።

ስለ ሳሩም አንድ ነገር። ከሲያትል በስተደቡብ፣ ታኮማ አጠገብ፣ ቻምበርስ ቤይ የሚባል ሜዳ አለ፤ ድሮ አሸዋና ጠጠር የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ፣ በ2015 ዩኤስ ኦፕን የሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር ተካሄደበት። መልክዓ ምድሩ ድንቅ ነው። ግሪኖቹ ላይ ግን ኳሱ እየነጠረ ተጫዋቾቹ በአደባባይ አማረሩ። የተዘራው ፌስኪዩ የሚባል ሳር ላይ ፖአ የሚባለው ሌላ ሳር ገብቶበት ነበር። በኋላ ግሪኖቹን በሙሉ በፖአ ለወጧቸው። ያን የመሰለ ቦታ ላይ እንኳ የሳር ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። ሰርዶ ለቆላ ነው፤ ደጋ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ እድገቱ ይዘገያል። ለፌርዌይ ኪኩዩን ሞክሪ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው የሪቪዬራ ጎልፍ ሜዳ ፌርዌዮቹ በእሱ የተሸፈኑ ናቸው። ግሪን ውስጥ እንዳይገባ ግን ዳሩን ሳታሰልሱ ቁረጡ፤ አንዴ ከገባ አይለቅም።

ርዝመቱንም አማካሪሽ ከባሕር ዳርቻ ሜዳ ገልብጦ እንዳይሰጥሽ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ 10 በመቶ ገደማ ይረዝማል። 200 ሜትር የሚሄደው ምት 220 ይሄዳል። ከመንገድና ከመኖሪያ ቤት የምትርቂውም በዚያው ልክ ይጨምር።

አሁን የያዝሽው ውል ውስጥ «የአፈር ሥራ» የሚለውን ክፍል ለይተሽ አውጪው። ክፍያው በሜትር ኩብ ከሆነ ኮንትራክተሩ ብዙ አፈር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ብዙ ይከፈለዋል፤ ለምን ደልድሉ እንደሚል ገባሽ? ያን ክፍል ከመስከረም በፊት አትፈርሚ። የክረምቱ ችካሎች የገቡበት ኮንቱር ካርታ እጅሽ ሲገባ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሸንተረሮቹን አብረን እናያቸዋለን፤ ገንዘብ አልጠይቅሽም።