ስቶር ኪፐሩ ላጎደለው ዕቃ እኔ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጠበቃ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ነኝ። ባለፈው ወር እኔ ለምሳ በወጣሁበት ሰዓት ስቶር ኪፐሩ የደንበኛ መኪና ሲጭን ሰነዱ ላይ ካለው በላይ 60 ካርቶን ዘይት አስወጣ። ዘይቱ እስካሁን አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጁ “የበታችሽ ላጠፋው የምትጠየቂው አንቺ ነሽ” ብሎ ዋጋውን ከደመወዜ ሊቆርጥ ነው። “ጉድለቱን አምኛለሁ” የሚል ወረቀትም ፈርሚ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ እንዳይቆም ብዬ አንዳንዴ ባዶ የዕቃ መውጫ ወረቀት ላይ ፈርሜ እተውለት ነበር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ያንን ወረቀት አይፈርሙ። ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ። ዛሬ ከሰዓት ቢሮ ቢጠሩዎት ግን ይህን ይዘው ይግቡ።

“የበላይ ለበታቹ ይጠየቃል” የሚለውን ብዙ አለቃ እንደ ሕግ ነው የሚጠቅሰው። በሕጋችን አንድ ሰው ሌላው ላደረሰው ጉዳት የሚጠየቅበት ሁኔታ በእርግጥ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2130 ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ልብ ይበሉ፣ አሠሪውን ነው። እርስዎ አሠሪ አይደሉም። እንደ ስቶር ኪፐሩ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልዎት ሠራተኛ ነዎት። ዘይቱ ቢያተርፍ ትርፉ ወደ እርስዎ ኪስ አይገባም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘር ስለሆኑ ብቻ የስቶር ኪፐሩ ዕዳ ወደ እርስዎ አይዞርም።

ይህ ማለት ግን ምንም አይነካዎትም ማለት አይደለም። ሱፐርቫይዘር የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ነው፤ የእሱ ሥራ ደግሞ መቆጣጠር ነው። ለምሳ መውጣት ጥፋት አይደለም። በድሬ ሙቀት ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘን የማይወጣ ማን አለ? በእረፍት ሰዓት መኪና እንዳይጫን የሚከለክል መመሪያ ካለና ስቶር ኪፐሩም ያንን እያወቀ ከጫነ ጥፋቱ የእሱ ነው። ከዚያ በፊት ቆጠራ ሲጎድል አይተው ዝም ካሉ፣ ወይም መቆጣጠር ያለብዎትን ሳይቆጣጠሩ ከቆዩ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እኔን ያስጨነቀኝ ባዶው ወረቀት ነው። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም እውነቱን ልንገርዎ። ሰው ማመን ጥሩ ነው፤ የመጋዘን ፊርማ ግን በእምነት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ዘይቱ የወጣው እርስዎ አስቀድመው በፈረሙበት ወረቀት ከሆነ ክርክሩ የስቶር ኪፐሩ ጥፋት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ፍርድ ቤት የሚያየው ሰነዱን ነው፤ ሰነዱ ላይ ያለው ደግሞ የእርስዎ ስም ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን የትኛው ወረቀት ጥቅም ላይ እንደዋለ ቶሎ ይጣራ። የዚያን ቀን የዕቃ መውጫ ሰነድ ኮፒ እንዲሰጥዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻውን ገቢ የተደረገበትን ቀን አስጽፈው ይያዙ። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ወረቀት ላይ እንደሚፈርሙ እያወቀ ዝም ብሎ ከነበረ ይህም ይጠቅምዎታል። የሚመሰክር የሥራ ባልደረባ ካለ ከአሁኑ ያነጋግሩት።

አሁን ወደ ደመወዙ እና ወደዚያ ወረቀት ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ እንደፈለገው ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። የመጨረሻውን አዩት? ሥራ አስኪያጁ እንዲፈርሙ የሚጎተጉትዎት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። “አምኛለሁ፣ ይቆረጥብኝ” የሚል ወረቀት ላይ ከፈረሙ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልገው መቁረጥ ይጀምራል። በሕጋዊ መንገድ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝዎ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። የድርጅቱን የሥራ ደንብም ያንብቡት፤ ስለ ዕቃ ጉድለት የሚል ነገር ካለ ቃል በቃል ገልብጠው ያምጡልኝ። ካልፈረሙና ደንቡም የማይፈቅድ ከሆነ፣ ድርጅቱ ገንዘቡን የሚፈልግ ከሆነ ክስ መሥርቶ ጥፋትዎን ማስረዳት አለበት።

ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ ወይ የሚል ሥጋትም ይኖርዎታል። አንቀጽ 27 በአሠሪው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ያደረሰ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ እንዲሰናበት ይፈቅዳል። ተራ ስህተት አይበቃም። ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ግን ከባድ ቸልተኝነት ነው ተብሎ ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ አልደብቅዎትም። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ በዚህ አንቀጽ የማሰናበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ጉድለቱን ያወቀበትን ቀን ይጻፉት።

አንድ ነገር ግን ያጣሩ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት ሥልጣን ካለዎት የሥራ መሪ ነሽ ሊሉዎት ይችላሉ፤ ያኔ ስለ ደመወዝና ስለ ስንብት ያነሳሁልዎት ጥበቃ ይቀርና ክርክሩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይሆናል። ሱፐርቫይዘር መባል ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። የሚታየው በተግባር ያለዎት ሥልጣን ነው። የቅጥር ደብዳቤዎንና የሥራ መዘርዝርዎን ፈልገው ያውጡ።

ደመወዝዎ ያለአግባብ ከተቆረጠ መጠየቅ ያለብዎት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከተሰናበቱና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ ግን 3 ወር ብቻ ነው ያለዎት። ክሱ ድሬዳዋ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሽማግሌ ገብቶ ለማስታረቅ ቢሞክር ደስ ይለኛል፤ ሽምግልናው እየተጓተተ ቀኑ እንዳያልፍብዎ ግን ይቁጠሩ።