ዝላዩ ወይስ የቡድኑ ክፍተት?

ጥያቄ፦ በጅማ የወጣቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ቅድሚያ የሚሰጡት ለአካል ብቃት ፈተና ነው ወይስ ለቡድናቸው ክፍተት?

መልስ፦ የተከበሩ አሠልጣኝ፣ ከምርጫው አስቀድሞ በሚካሄደው ምዘና የተጫዋቹ ቁመት፣ ሁለት እጆቹን ሲዘረጋ ያለው ስፋት፣ ቆሞና ተንደርድሮ የሚዘለው ከፍታ፣ እንዲሁም የሩጫ ፍጥነቱ ይለካሉ። የክንድ ርዝመት በሥልጠና ስለማይጨምር ትልቅ ግምት ቢሰጠው ተገቢ ነው፤ የጡንቻ ጉልበት ግን የሚዳብር በመሆኑ በእርሱ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ኬቨን ዱራንት እ.ኤ.አ. በ2007 በምዘናው ላይ 84 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ብረት ተንጋሎ አንድ ጊዜ እንኳ መግፋት ባይችልም በ2ኛ ተራ ተመርጦ በ2014 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ለመባል በቅቷል።

ክፍተትን ማስቀደምም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 የፖርትላንድ ቡድን ክላይድ ድሬክስለርን የመሰለ የክንፍ ተጫዋች ስለነበረው የመሀል ተጫዋቹን ሳም ቡዊን በ2ኛ ተራ ወሰደ፤ ማይክል ጆርዳንም ለቺካጎ ደረሰ። (ከአርባ ዓመት በኋላ መፍረድ ለእኛ ቀላል ነው።) በእኛ አስተያየት የቡድን ፍላጎት ሚዛን የሚደፋው ሁለት ተጫዋቾች በችሎታ ሲቀራረቡ ብቻ ነው። የእርስዎ ልጆች ደግሞ ገና በማደግ ላይ ስለሆኑ፣ ዛሬ አጭር የሆነውን ልጅ ከምርጫ ከማስወጣትዎ በፊት በጨዋታ ውስጥ የሚወስናቸውን ውሳኔዎች ደጋግመው ይመልከቱ።