ጠዋት ጥርት፣ ከሰዓት ጉም

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምኖር ሹፌር ነኝ። ኬራቶኮነስ (ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን ሳስቶ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት ሕመም) ስላለብኝ፣ ስክሌራል የሚባለውን ትልቅ ጠንካራ የዓይን ሌንስ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጥርት አድርጌ አያለሁ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ሲቆይ ግን ጉም ይወርድብኛል። አውጥቼ በአዲስ ሳላይን (ለሌንስ በተዘጋጀ ንጹሕ የጨው ውኃ) ስሞላው ይጠራል፣ ከዚያ ያው ነው። ሌንሱ አልተስማማኝ ይሆን?

መልስ፦ ለመተው አይቸኩሉ። ጉሙ ሲመጣ ሌንሱን ሳያወጡ፣ ሌንሱን የሚያወጡበትን ንጹሕ ጎማ በሳላይን አርጥበው የሌንሱን ፊት በቀስታ ይጥረጉ። ከጠራልዎ ችግሩ ላዩ ላይ ነው፤ የእጅ ቅባትዎንና ቅባትነት ያለው ሳሙናዎን ይጠርጥሩ።

ካልጠራ የደፈረሰው ከሌንሱ ሥር ያለው ፈሳሽ ነው። የእርስዎም ይኸው ይመስለኛል። ስክሌራል ሌንስ ኮርኒያውን ሳይነካ እንደ ድንኳን ከላዩ ተዘርግቶ የሚያርፈው በዓይን ነጩ ላይ ነው። ነጩ ደግሞ እንደ ኳስ ክብ አይደለም፤ ባንድ በኩል ዝቅ፣ በሌላው ከፍ ይላል። የሌንሱ ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ከተሠራ አንድ ጎን ላይ ክፍተት ይቀራል፤ የእንባው ቅባትና ንፍጥ የሚገባው በዚያ ነው። መፍትሔው ጠርዙን ቶሪክ ማድረግ፣ ማለትም የነጩን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ እንዲሠራ ማዘዝ ነው። ሌንሱ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠም ጉሙ ይብሳል። እኔ ሌንሱ ከረጋ በኋላ መሐሉ ላይ፣ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል፣ ከ150 እስከ 250 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺሕኛ) ክፍተት ሲኖር ደስ ይለኛል።

ከረጋ በኋላ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌንሱ በሰዓታት ውስጥ 100 ማይክሮን ገደማ ሊሰምጥ ስለሚችል፣ ገና እንዳጠለቁት የተለካ ልክ ያታልላል። ቀጠሮዎን ሌንሱን አራት ሰዓት ካደረጉ በኋላ ያስይዙ፤ ጉሙን ይዘውት ይሂዱ።

ዓይንዎን የሚያሳክክ አለርጂ ካለብዎ ይንገሩ፤ ጉሙን ያባብሳል። ማሸት ደግሞ ኬራቶኮነሱን ራሱን ስለሚጎዳ ይተዉት።

እስከዚያው ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ሳላይን ከመኪናዎ አይጥፋ፤ ጉሙ ሲወርድብዎ መኪናውን አቁመው ይቀይሩት። የቧንቧ ውኃ ግን በጭራሽ፣ ቢፈላም! አካንታሚባ የሚባለው ተውሳክ ኮርኒያን ያበላሻል።

መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ካዩ፣ ወይም ሌንሱን አውጥተውም ጉሙ ካልለቀቀ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኮርኒያው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያን ዕለት መንዳቱን ትተው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።