5ደብሊው-30 ጠፋ፤ 20ደብሊው-50 ላድርግ ወይ?

አንድ ወጣት ሹፌር እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ በ2008 ያሪስ፣ 1.5 ሞተር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሜትር ታክሲ እሠራለሁ። ሁሌ የማስደርገው የሞተር ዘይት 5ደብሊው-30 ነበር። አሁን የጠየቅኩበት ሱቅ ሁሉ የለም ይለኛል። ጋራዥ ያለው ልጅ ‹20ደብሊው-50 አድርግ፣ ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል› አለኝ። ሰርቪሴ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር አልፏል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ 20ደብሊው-50ውን ተወው። 10ደብሊው-30 ፈልግ። እሱን ካገኘህ ምንም የጎደለብህ ነገር የለም።

ምክንያቱን ልንገርህ፣ ሌላ ጊዜም ሱቅ ፊት ቆመህ ራስህ እንድትወስን። «ደብሊው» የፈረንጆቹን ክረምት ነው የሚያመለክተው፤ የእኛን ዝናብ ሳይሆን በረዶ የሚጥልበትን። ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ለማስነሳት ምን ያህል እንደሚቀል ይናገራል። 5ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ነው፤ 10ደብሊው በ25። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ቢብስ ዜሮ አካባቢ ነው። ስለዚህ በ5 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት አንተ ጋ አይደርስም።

ዋናው የኋላው ቁጥር ነው። እሱ የሚለካው በ100 ዲግሪ፣ ሞተሩ ሲግል ነው። 5ደብሊው-30ም ሆነ 10ደብሊው-30 ሲግሉ በአንድ ደረጃ ውስጥ ናቸው። በቁጥር ካልከው ውፍረታቸው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ነው። የ50 ግን ከ16.3 ይጀምራል፣ እስከ 21.9 ይሄዳል። ያሪስህ ለዚህ አልተሠራችም።

«ወፍራም ይጠብቃል» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛም ሥራ የለመድነው በላዳ ታክሲ ነው። እዚያ ላይ 40 እና 50 ስናደርግ ኖረናል፤ ለዚያ ሞተር ልክ ነበር። እንደ ያሪስህ ቪቪቲአይ፣ ማለትም ቫልቮላው የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ የሚያስተካክል የቶዮታ ሥርዓት፣ ያለው ሞተር ግን ሌላ ነው። ዘይቱ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። ቪቪቲአዩ የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ነው፤ ዘይቱም የሚያልፈው በጠባብ ቀዳዳና በትንሽ ወንፊት ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ እዚያ ለመድረስ ይዘገያል። ብሮንዚኑም (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ቴስታውም (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ያን ጊዜ በደረቁ ይሠራል። ነዳጅም ይበላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ቪትዝ ይዞ መጣ። ጠዋት ሲያስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ትንኳኳለች፣ የሞተር መብራትም በርቷል። ሌላ ቦታ ሴንሰር ቀይረውለታል፤ መብራቱ ግን ተመልሶ በራ። የዘይት መለኪያውን ስስበው ዘይቱ እንደ ማር ይዝለገለጋል። 20ደብሊው-50 ነበር። አፈሰስነው፣ የቪቪቲአዩን ዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ፈትተን ወንፊቱን አጠብን፣ 10ደብሊው-30 ሞላን። መብራቱ ጠፋ። ሰውየው ለሴንሰሩ ያወጣው ብር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

10ደብሊው-30ም ከጠፋ 10ደብሊው-40፣ ካልሆነ 15ደብሊው-40 ለአንድ ሰርቪስ አድርግ። በሚቀጥለው ወደ 30 ተመለስ። በተለይ ሞተርህ ዘይት መብላት ጀምሮ ከሆነ 40 ያስኬድሃል። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር የሚበላ ከሆነ ግን ነገሩ የፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቮላ ጎማ ነው። ዘይት ማወፈር በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፦ 600 ኪሎ ሜትር ማለፍህ። እሱ ራሱ ሞተር አይገልም። የሚገለው ዘይት ጎድሎ መንዳት ነው። በእጥረት ጊዜ ጋራዥ የሚገቡ የተበላሹ ሞተሮች ላይ የማየው በቁጥር የተሳሳተ ዘይት ሳይሆን የጎደለ ዘይት ነው። ዛሬውኑ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም። አጥፍተህ 5 ደቂቃ ጠብቅ። መለኪያውን ጥረግና መልሰህ አስገባ፣ ከዚያ አውጥተህ እይ። ከታችኛው ምልክት ከቀረበ ግማሽ ሊትር ጨምር። የቤንዚን ሞተር ዘይት እስከሆነ ድረስ የሌላ ብራንድ መቀላቀል አያስፈራህ፤ 10ደብሊው-30 ከ5ደብሊው-30 ጋር ይስማማል። የካምቢዮ ዘይት፣ የሞተር ሳይክል ሁለት ምት ዘይት ወይም ተጣርቷል የተባለ ያገለገለ ዘይት ግን በፍጹም። ዘይቱን በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ቀይር፤ ተራ ዘይት ከሆነ ከሰርቪሱ ቀን ያለፈው ከ1,000 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ ቆመህ ሞተሩ የሚሠራበት ሰዓት ኪሎ ሜትር ላይ አይቆጠርም፣ ዘይቱን ግን ያደክመዋል።

ስትገዛ ጋሎኑ ላይ ኤፒአይ የሚለውን፣ ማለትም የዘይቱን የጥራት ደረጃ፣ ፈልግ። ኤስኤን ወይም ኤስፒ ካለ ጥሩ ነው፤ ኤስኤምም ይበቃሃል። ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ርካሽ ዘይት ካየህ እለፈው፣ ጊዜው ያለፈበት ደረጃ ነው። በ«ሲ» የሚጀምር ደረጃ ብቻ የተጻፈበት ለናፍጣ ነው። ከበርሜል የሚቀዳ አትግዛ። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ያልተነካ መሆኑን እይ፣ ስትከፍተውም አሽትተው፤ የተቃጠለ ሽታ ካለው መልስለት። ሞተርህ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ባለ 4 ሊትር አንድ ጋሎን ይበቃሃል፤ የተረፈችውን ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ኋላ ሻንጣ ውስጥ ያዛት። ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር፤ ዘይት ተወደደ ብለህ አሮጌውን ፊልትሮ አትተወው።

ባዶውን ጋሎን ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠትህ በፊት በቢላ ሰንጥቀው። ሰው ሌላ ነገር ሞልቶበት ለሌላ ሹፌር እንዳይሸጠው።